የግራ እግሩ ልክ

መርካቶ፣ ጭድ ተራ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ባህረዲን፣ ኡትሬክት

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ በስልክ አልሰማ ያለዎት ጆሮስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ሱቁን እንደ ወትሮዋ ትመራለች፤ የጠረጴዛ ላስቲክና ሸራ የሚገዛ ሰው አሁንም አልጠፋም። እኔም አብሬያት እቆርጣለሁ፣ እጠቀልላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰሚርም ደህና ነው።

የምጽፍልዎ በሱ ጉዳይ ነው። ጥር ላይ በላኩለት ሳይክል ላይ አቀማመጡ አልመች ብሎታል። ግማሽ ሰዓት ሳይነዳ ወገቡን ይይዘዋል፣ መቀመጫው በአንድ ወገን ይልጠዋል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። የሳይክል ክለቡ የተወዳዳሪዎች ምርጫ የካቲት 8 ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ካልገባ ከወጣቶቹ ጋር የሚወዳደርበት ዕድሜ ያልፈዋል። ከሳይክል ሌላ የሚያወራው ነገር ኖሮት አያውቅም፣ አሁን ግን ስለሱም ማውራት ትቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ከሳይክል ጋር ሲያስማሙ የኖሩት እርስዎ ነዎትና መላ ይበሉን። የእግሩ ርዝመት ከብሽሽቱ እስከ መሬት ሰማንያ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። በሱቁ ሜትር ለካሁት።

እናቴ ሰላም ብላለች።

አክባሪዎ ማሂራ

(ለዚሁ ደብዳቤ ተጽፎ ከፖስታው የወጣ ገጽ)

አጎቴ፣ የለካሁት ቀኝ እግሩን ነው። ግራውን ሚያዝያ ላይ ከሳይክሉ ወድቆ ሰብሮታል። አጥንቱ አጥሮ ነው የገጠመው፣ ሲራመድ ያነክሳል። ሐኪሙ ሳይክል መንዳት ትችላለህ ብሎታል፤ እንዴት አድርጎ እንደሚቀመጥ ግን የነገረው የለም። እናቴ ለእርስዎ እንዳንነግር ሁላችንንም አስምላናለች። ሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ ይህን ቢሰማ ምን ይሆናል ትላለች። ለምን እንደወደቀ ደግሞ እቤት ውስጥም አይነሳም። ይህን ገጽ ልልክልዎ ብዬ ነበር የጻፍኩት። እንደማልልከው አሁን ገባኝ።


ኡትሬክት፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018

ለማሂራ

ወአለይኩሙሰላም። ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ አላህ ያሰንብትሽ። ጆሮዬ ያው ነው። ደግነቱ ሳይክል አያወራም።

መጀመሪያ ነገር፣ በሱቁ ሜትር አትለኪ። ያንን የእንጨት ሜትር የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ጫፉ ያኔውኑ ተበልቶ ነበር። ስንቱ ገዢ አንድ ሴንቲ እየጎደለበት ሄዷል መሰለሽ! ልብስ ሰፊዋ ሠርኬ አሁንም ጎረቤታችሁ ከሆነች የሷን ሜትር ተዋሺ። ሰሚር ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ከግድግዳ ያስጠጋ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መካከል ያስገባና ልክ ሳይክል ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወደ ላይ አጥብቆ ይያዘው። ከመጽሐፉ አናት እስከ ወለሉ ያለውን ለኪ። የመጣውን ቁጥር በዜሮ ነጥብ ስምንት መቶ ሰማንያ ሦስት አባዢው። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት እምብርት እስከ መቀመጫው አናት የሚኖረው ርቀት ነው። ተረከዙን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያደርግ ጉልበቱ ቀጥ ይላል፤ በእግሩ ፊተኛው ክፍል ሲረግጥ ደግሞ በጥቂቱ ይታጠፋል። እንደዚያ ከሆነ ከፍታው ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ፔዳሎቹን አግድም አድርጉና የግንበኛ ቱንቢ ከፊተኛው ጉልበት ላይ ልቀቁ። ክሩ በፔዳሉ መሐል ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ መቀመጫውን ወደፊት ወይም ወደኋላ ግፉት። መሪውን ሲይዝ ክርኑ ዘና ይበል። ክርኑን አድርቆ የሚነዳ ሰው የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በትከሻው ይሸከማል፣ ጣቱም የሚደነዝዘው ለዚህ ነው።

ሁለቱንም እግሮች ለኪ። በአንዱ ቆሞ ሌላውን ያላላ፣ ከዚያ ይቀያይር። ሰው ሁሉ ሁለት እግር ይዞ ይመጣና አንዱን አስለክቶ ይሄዳል፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ደግሞ ጥር ላይ መቀመጫህን ከፍ አድርግ ብዬ ጽፌለት ነበር። ምን ያህል ከፍ አደረገው? ከጎን የተነሣ ፎቶም አሳጥበሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ ባህረዲን


መርካቶ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ሥራ በዝቶብን ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። የሠርኬን ሜትር ተዋስኩ፤ ስለሱቁ ሜትር የጻፉትን ሳነብላት እስክትፈርስ ሳቀች። የሰሚር እግር ሰማንያ አምስት ሴንቲ ከዘጠኝ ሚሊ ነው። ግራውም ያው ነው። መቀመጫውን እንዳሉት ሰባ አምስት ከዘጠኝ ላይ አደረግነው። ቱንቢውን ግንበኛው ጎረቤታችን ጴጥሮስ ይዞልን ነበር። ከጎን የተነሣውን ፎቶ ልኬያለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ተሻለው። በሦስተኛው ቀን ግን ወገቡ ከበፊቱ ባሰበት፣ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነው የቆመው። ምናልባት መሪው ከፍ ቢል ይሻል ይሆን? ወይስ ለስላሳ መቀመጫ ይግዛ? ጥር ላይ ምን ያህል ከፍ እንዳደረገው አላስታወሰም።

እናቴ ሰላም ትላለች፣ ዱዓ አድርግልን ብላለች።

ማሂራ


ኡትሬክት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018

ለማሂራ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ፎቶውን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ፊት ለጥፌ ሁለት ቀን አየሁት። ጀርባው ጥሩ፣ ክርኑ ጥሩ፣ ጉልበቱ እንደ ትምህርት ቤት ሥዕል። እንደዚህ የተቀመጠ ልጅ ወገቡን ሊያመው አይገባም። ለስላሳ መቀመጫ አይግዛ፤ የሚታመም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ትራስ ነው። መሪውንም አትንኩት። ችግሩ እዚያ አይደለም።

ችግሩ የት እንዳለ ግን ከዚህ ፎቶ አይታይም። ያነሣሽው በሰንሰለቱ በኩል ነው፣ ያ ቀኙ ነው። የምፈልገው ከኋላ የተነሣ ነው፣ ዳሌው እንዲታየኝ። የሚልጠው በየትኛው ወገን ነው? ወደ አንዱ ጎን እየወረደ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ሳላውቅ የማዝዘው ሁሉ ልጁን ይጎዳዋል። «ግራውም ያው ነው» ብለሻል። «ያው» ቁጥር አይደለም። ቁጥሩን ላኪልኝ።

እናትሽ ሰዓደትስ ለምን በእጇ አትጽፍልኝም? ድሮ እኮ የላስቲክ ዋጋ እንኳን ሳይቀር የምትጽፍልኝ እሷ ነበረች። እንዲህ ዝም ስትል ደስ አይለኝም።

ባህረዲን


መርካቶ፣ ጥር 12 ቀን 2018

ይድረስ ለአጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። የጠየቁኝ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ቀኝ ሰማንያ አምስት ከዘጠኝ። ግራ ሰማንያ አምስት ከዘጠኝ። ቱንቢው በሁለቱም በኩል በፔዳሉ መሐል ያልፋል። የኋላውን ፎቶ ማንሣት አልተመቸንም። ምርጫው ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። እናቴ «ይለምደዋል፣ ወንድሜን በዚህ አታድክሙት» ብላለች። እኔም ከዚህ በላይ ላስቸግርዎ አልፈልግም። ጤና ይስጥልኝ።

ማሂራ


ኡትሬክት፣ የካቲት 14 ቀን 2018

ማሂራ

ረመዳን ከሪም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል፤ ቁጣዬ ይበርድልኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልበረደም።

ሰማንያ አምስት ከዘጠኝ፣ ሰማንያ አምስት ከዘጠኝ። በዚህ ሥራ ላይ ስንት ሺህ እግር እንደለካሁ አላህ ያውቃል፤ ሁለት እግሩ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ እኩል የሆነ ሰው አላጋጠመኝም። የሁሉም ሰው ሦስት ሚሊ፣ አምስት ሚሊ ይለያያል። ሌላው ቢቀር ሜትሩን ስትይዢ እጅሽ ይንቀሳቀሳል። አንቺ ግራውን አልለካሽውም። የቀኙን ገልብጠሽ ጻፍሽልኝ። ስለዚህ ግራ እግሩ አንድ ነገር ሆኗል፣ እናንተም ደብቃችሁኛል።

ይህን ቤት አውቀዋለሁ። በ2009 እናቴ ስትሞት አምስት ወር ደበቃችሁኝ። አንቺ ያኔ ተማሪ ነበርሽ፣ አልወቅስሽም። አንድ ከወደ ስልጤ የመጣ ሰው የተነፈሰ ጎማ ይዞ ሥራ ቦታዬ ገባና «አላህ ይርሐማቸው፣ ደግ ሴት ነበሩ» አለኝ። ማን ናት ደግ ሴት አልኩት። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ለእናቴ ጫማ በሰው ልኬላት ነበር። ሰዓደት «ልኳ ሆነላት፣ ደስ ብሏታል» ብላ ጻፈችልኝ። ከሞተች ሦስት ወር ለሆናት ሴት! ያ ደብዳቤ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ለእኔ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንዴ አስቢው። በሌለ እግር ቁጥር ያንን ልጅ አስቀምጬዋለሁ። ወገቡን የሚያመው እኔ ባዘዝኩት ልክ ስለተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ምርጫውም ይኼኔ አልፏል። ምን ሆነ?

እውነቱን ካልጻፍሽልኝ ሌላ ደብዳቤ አትላኪልኝ። ከልቤ ነው።

ባህረዲን


መርካቶ፣ መጋቢት 14 ቀን 2018

ይድረስ ለውድ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም፣ ዒድ ሙባረክ። አፉ ይበሉኝ። እናቴ ሳታውቅ ነው የምጽፈው።

ምርጫው አለፈ። ሰሚር ሄዶ ነበር። በሦስተኛው ዙር ወርዶ ሳይክሉን እየገፋ ሲመጣ አየሁት፣ ለአሠልጣኙ «ጎማ ነው» አለው። ጎማው ምንም አልሆነም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይክሉን አልነካውም። ሱቅ ይመጣና ጥቅል ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ደንበኛ ሲያናግረው እንኳን ቀና አይልም። ገልብጬ የጻፍኳት ቁጥር እንዲህ አደረገችው፣ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ግራ እግሩ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ተሰብሮ አጥሮ ገጠመ። ወደ ሁለት ሴንቲ ከምናምን ይሆናል ብሎናል ሐኪሙ። በትክክል አልለካሁትም፤ ሜትር ባነሳሁ ቁጥር እናቴ ከክፍሉ ትወጣለች።

አወዳደቁን ልንገርዎ። ሳይክሉ የመጣ ጊዜ እያንዳንዱ ብረት በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። የእኛን ቤት ያውቁታል። ሶፋው ከተገዛ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ላስቲኩ አልተነሳም። ፍሪጁም፣ የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያም እንደዚያው ናቸው። እናቴ «አትላጡት፣ ይጫራል፣ አዲስነቱ ይጠፋል» አለች። ሰሚር እጅ የሚያርፍበትን ላጠ፤ መቀመጫውን የተሸከመውን ብረት ግን ለሷ ሲል ከነላስቲኩ ተወው። እርስዎ ከፍ አድርግ ብለው ሲጽፉለት ከፍ አደረገው። ከዚህ በላይ አይለፍ የሚለው ምልክት ከላስቲኩ ሥር ነበር፣ አላየውም። ብሎኑም ያጠበቀው ላስቲኩን እንጂ ብረቱን አልነበረም። ከአማኑኤል ወደ መርካቶ ሲወርድ አንድ ጉድጓድ ላይ መቀመጫው ከነብረቱ ተነቀለ። ሰሚር ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላተመ።

ሆስፒታል ስንደርስ እናቴ ያንን ብረት በእጇ ይዛው ነበር፣ ማን እንደሰጣት አላውቅም። ላስቲኩ እንዳለ ነበር። ከቤት ውጭ ሰው ሲጠይቃት ብቻ «ባህረዲን ከፍ አድርግ ባይለው ኖሮ» ትላለች። ለእኔ ግን አንድ ቀን ብቻ፣ ሱቅ ስንዘጋ፣ «አትላጠው ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ደግማ አላነሳችውም። እንዳያዝኑ ብላ እንደደበቀችዎ ነው የምትናገረው። እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል፤ እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ብረቱ ለምን ተንሸራተተ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፣ እሷም መመለስ አለባት። የፈራችው ይህን ነው።

ማሂራ


ኡትሬክት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2018

ለልጄ ለማሂራ

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። እዚህ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ ብረቱ ላይ ያለውን ምልክት በጣቴ አሳይቼ «ከዚህ አትለፍ» ሳልል አላሰናብትም። ለገዛ እህቴ ልጅ ግን በአንድ መስመር ከፍ አድርግ ብዬ ዘጋሁት። ያውቀዋል ብዬ አሰብኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ ማንም አይወስድልኝም።

አሁን የሚሠራውን ስሚ። ግራውን በትክክል ለክታችሁ ከቀኙ ቀንሱ። የልዩነቱን ግማሽ ውፍረት ያለው ጠንካራ ጎማ ከግራ ጫማው ሥር ይለጠፍ። በቀረው ግማሽ ልክ መቀመጫው ዝቅ ይበል። ቀኙ ትንሽ ይታጠፋል፣ ግራው ትንሽ ይደርሳል፣ ዳሌውም ከመውረድ ይድናል። ሁለት ሳምንት በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ ይንዳ። እግሩ አጠረ ማለት ኃይሉ ሄደ ማለት አይደለም። ከሱ የበለጠ ልዩነት ይዘው እኔ ያስቀመጥኳቸው ሰዎች በየቀኑ ይነዳሉ። የወጣቶቹ ዕድሜ ቢያልፈው የአዋቂዎች ውድድር አለ፣ እሱን ያስብ።

አንድ ነገር ግን አለ። ግራውን የምትለካው ሰዓደት ናት፣ ሌላ ሰው አይለካም። የሚከተለውን አንብቢላት።

እህቴ ሰዓደት፣ ሁሉንም ሰማሁ። ማሂራን አትቆጪ፣ ያስገደድኳት እኔ ነኝ። አንቺ አትላጠው አልሽ፣ እኔ ከፍ አድርግ አልኩ፤ ሁለታችንም የምንወደውን ልጅ ነው የጣልነው። ለሁለት እንካፈለው፣ ለብቻሽ አትያዢው። የእናታችንን ጫማ ነገር ግን እስካሁን ይቅር አላልኩሽም፣ ይቅር ማለት እፈልጋለሁ። ቁጥሩን በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ባህረዲን


መርካቶ፣ ግንቦት 3 ቀን 2018

ይድረስ ለውድ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

አነበብኩላት። «አጋለጥሽኝ» ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ሱቅ ውስጥ መቀስ ስትፈልግ እንኳን በደንበኛ በኩል ነበር የምትጠይቀኝ። በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ ከሳሎን የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ የሶፋውን ላስቲክ ትልጣለች። ላግዝሽ ብላት በእጇ ገፋችኝ። ሶፋው ከሥሩ ቀይ ነው አጎቴ፣ እኔ ቡናማ ይመስለኝ ነበር። ፍሪጁን ላጠች፣ መቆጣጠሪያውን ላጠች። ከዚያ ወደ ሳይክሉ ሄዳ የቀረችውን ቁራጭ ሁሉ፣ ብሎን ሥር የገባችውን ሳይቀር፣ በጥፍሯ አወጣች።

ከዚያ «ሰሚር፣ ና ቁም» አለችው። ከወደቀበት ቀን ወዲህ እግሩን አይታ አታውቅም ነበር፣ ሱሪውን ሲሰበስብ ፊቷን ታዞር ነበር። የትምህርት ቤት አትላሴን አስያዘችው፣ ተንበርክካ ሜትሩን ዘረጋች። ጠባሳው ላይ እጇን አሳረፈች። እሱ ደግሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስንት ነው ብዬ ጠየቅኳት፣ ወረቀት አምጪ አለችኝ።

ጎማውን ጫማ ሰፊው ደመቀ ለጠፈለት። እስካሁን አሥራ አንድ ቀን ነድቷል። ትናንት እስከ አማኑኤል ደርሶ ተመልሶ ግድግዳ ሳይዝ ወረደ። አልሐምዱሊላህ። እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ነበር፤ ሲመጣ አይታ ገባች።

ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የኔ አይደለም።

ማሂራ

ወንድሜ ባህረዲን፣ የእናታችን ጫማ አልጋዋ ሥር ነው ያለው፣ ማንም አላደረገውም። ዋሽቼሃለሁ። የልጄ ግራ እግር ሰማንያ ሦስት ሴንቲ ከስድስት ሚሊ ነው። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ሰዓደት።